ልጄ የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ ልሁን ብላለች፤ ምን ላድርግ?

ርዕሱ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ አንድ የውይይት ክር ነው። የመነሻው ጽሑፍ። ጠያቂዋ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖር እናት ናት። ልጇ 16 ዓመቷ ነው፤ 11ኛ ክፍል ናት። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ጎበዝ ስለሆነች ቤቱ ሁሉ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ደምድሞ ነበር። ልጅቷ ግን የጦር አውሮፕላን ማብረር እንደምትፈልግ ቁርጧን ተናገረች። አባትየው ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምባት እናት ሁለት ጥያቄ ይዛ መጣች። ይህ ነገር እንደ እኛ ላለ ቤተሰብ ልጅ በእርግጥ የሚቻል ነው ወይ? የሚቻል ከሆነስ ወላጅ ምን ያግዛል? መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ልጅቷን ሐሳቧን የሚያስቀይር መላ ያለው ካለ እሱንም እንደማትጠላ ጨመረች። ክሩን ያስረዘመችው ይቺ ጭማሪ ናት። ግማሹ ሰው ለጥያቄዎቹ መለሰ፤ ግማሹ ለጭማሪዋ።

የተደጋገመውን ዘልዬ፣ ቁም ነገር ያለበት ላይ ቆም እያልኩ ሒደቱን ላውራችሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ የላከችው ደስታና ምርቃት ብቻ ነው። ስለ መንገዱ ምንም እንደማታውቅ ግን ልጅቷን እንደምትኮራባት ጻፈች። መልካም አጀማመር ነበር።

መልስ 2። የሲልቨር ስፕሪንግ አባት ነው፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮትሲ በሚሉት ፕሮግራም ይሠለጥናል። ጨዋ፣ ዝርዝር አዋቂ ሰው ነው። አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ አደረገ፤ በአየር ኃይል አብራሪ ማለት መኮንን ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ዲግሪና ያለ አሜሪካ ዜግነት አይሆንም። በሮቹ ደግሞ ሦስት ናቸው። አንዱ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የአየር ኃይል አካዳሚ ነው። አራት ዓመት ትምህርቱም መኝታውም ምግቡም በመንግሥት ወጪ ነው፤ በላዩ የኪስ ገንዘብ አለ። ሁለተኛው ሮትሲ ነው፤ ተማሪው መደበኛ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ጎን ለጎን ወታደራዊ ሥልጠናውን ይወስዳል፤ ስኮላርሺፕም ሊያገኝበት ይችላል። ሦስተኛው ዲግሪ ከያዙ በኋላ የሚገባበት፣ አላባማ ያለው አጭር የመኮንኖች ማሠልጠኛ ነው። ከሦስቱም የወጣ ሰው ለአብራሪነት ከተመረጠ ነው ወደ በረራ ትምህርት ቤት የሚሄደው። መመረጡ ራሱ ሌላ ውድድር ነው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

መልስ 3። አንዱ ነጻ ትምህርት የሚለውን ብቻ አንብቦ የወንድሙን ልጅ ዛሬውኑ ሊያስመዘግብ ተነሣ። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ተጠየቀ። ዘጠኝ።

መልስ 4። መልስ 2ን ያረመው በቨርጂኒያ በኩል ያለ መሐንዲስ ነው። አራተኛ በር መኖሩን አስታወሰ። ናሽናል ጋርድ በሚሉት የየክፍለ ግዛቱ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ያሉ የበረራ ክፍሎች ራሳቸው ሰው ይመርጣሉ። አመልካቹ ከክፍሉ ሰዎች ጋር ይተዋወቃል፣ ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ ከወደዱት እነሱ ወደ ሥልጠና ይልኩታል። የዚህ ጥቅሙ ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሚያበርና የት እንደሚኖር ገና ከመጀመሪያው ማወቁ ነው። ለዲሲ አካባቢ ሰው የኤፍ-16 ተዋጊ ጄት ክፍል እዚሁ አንድሩስ ጦር ሰፈር አለ። መልስ 2 አመሰገነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስ በርሱ ወንድሜ፣ እኅቴ ነበር የሚባባለው።

መልስ 5። ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰው የመጀመሪያው ሰው ይኸ ነው። የእኛ ልጆች አጭር ናቸው፣ ግማሾቹም መነጽር ያደርጋሉ፤ ስለዚህ እናቲቱ በከንቱ አትጨነቅ ማለቱ ነው። ሊያጽናናት ይሁን ሊያሾፍባት አልገባኝም።

መልስ 6። ወዲያው ታረመ። አየር ኃይሉ ለአብራሪ አመልካቾች ያስቀመጠውን ዝቅተኛ የቁመት ገደብ እ.ኤ.አ. በ2020 አንሥቷል። አሁን የሚለካው የክንድ፣ የእግርና የተቀመጡበት ቁመት ነው፤ በየአውሮፕላኑ ዓይነት። መነጽርም ብቻውን አያስቀርም፤ በተወሰነ መጠን የተፈቀደ ነው፣ የሌዘር ቀዶ ሕክምናም በሁኔታ ይፈቀዳል። ቀለም መለየት አለመቻል ግን ከባድ እንቅፋት ነው። የጻፈችው የዓይን ሐኪም ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ልጅቷን በጊዜ የቀለም ምርመራ ማስደረግ ከምርቃት እንደሚሻል አክላለች። መልስ 1 ተቀይማ እንደሆን እንጃ፤ ከዚያ በኋላ አልታየችም።

መልስ 7። ውይይቱ እዚህ ጋ ጠጠር አለ። ጸሐፊው የአገልግሎት ግዴታውን አነሣ፦ የበረራ ሥልጠናው ካለቀበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት። ከኮሌጅ ምረቃ አይደለም የሚቆጠረው። ልጅቷ በ22 ብትመረቅና ሥልጠናው ከጥበቃው ጋር ሁለት ዓመት ቢወስድ፣ 34 ዓመት ሆኗት ነው ነጻ የምትወጣው። ሰውየው ሒሳቡን ያቀረበበት ድምፀት ጥሩ አልነበረም፤ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ የሚቆጥር ነበር የሚመስለው። ሒሳቡ ግን ትክክል ነው።

መልስ 8። እናቲቱ ተመለሰች። ሐሳብ ያረፈባት 34 ላይ ነው። ትዳሩስ? ልጅስ መቼ ልትወልድ ነው? ግልጹን ልናገር፣ ልጁ ወንድ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ በሁለተኛ ቀን አይመጣም ነበር።

መልስ 9። ደላዌር፣ ዶቨር የሚገኘው የአየር ኃይል ሰፈር ውስጥ በአውሮፕላን ጥገና የምታገለግል ኢትዮጵያዊት መለሰችላት። በዚህ ክር ውስጥ ዩኒፎርሙን ለብሳ የምታውቅ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። አብረዋት ካሉት ሴት አብራሪዎች ያገቡም የወለዱም እንዳሉ ጻፈች። ቀላል እንዳልሆነ አልደበቀችም። ባልና ሚስት ሁለቱም ወታደር ሲሆኑ አንድ ቦታ ለመመደብ የሚደረገው ትግል የራሱ ታሪክ እንዳለው፣ አያት ቅርብ ከሌለ ሕፃን ይዞ ምድብ መቀየር እንደሚያደክም ዘረዘረች። ስለዚህ እናት በእርግጥ ማገዝ ከፈለገች ወሳኝ እርዳታዋ የሚመጣው ያኔ ነው። እዚህ አገር ለሴቶች ተዋጊ አውሮፕላን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 መሆኑንም አስታወሰች፤ ማለትም የልጅቷ እናት በሕይወት እያለች።

መልስ 10። ከዚያ ወሬው ሸርተት አለ። አንዱ ሙሉእመቤት እምሩን አነሣ፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ ላይ በረራ የተማረችውን። የእኛ ሴት ከ90 ዓመት በፊት ስታበር እናንተ ዛሬ ስለ ትዳር ታወራላችሁ ብሎ ተቆጣ። ሌላው ካፒቴን አምሳለ ጓሉን ጨመረ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመጀመሪያዋን ሴት ካፒቴን። ለሦስት መልስ ያህል ሁሉም የሚያውቀውን ሴት አብራሪ ሲዘረዝር ቆየ። ደስ ይል ነበር፤ የእናቲቱን ጥያቄ ግን የነካ አልነበረም።

መልስ 14። ለእኔ የክሩ እምብርት ይኸ ነው። የፃፈችው ሌላ እናት ናት፣ ከሜሪላንድ። ልጇ ሁሉንም ፈተና አልፎ የሕክምና ምርመራው ላይ ወደቀ። ምክንያቱ በ14 ዓመቱ የተጻፈለት ኢንሄለር፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ነው። ልጁ አስም የለበትም። ጉንፋን ይዞት ሳሉ አልለቅ ሲለው እናትየው ሐኪሙን ነዘነዘችው፣ ሐኪሙም ለማንኛውም ብሎ ኢንሄለር አዘዘ። መዝገቡ ላይ ደግሞ አስም ብሎ ጻፈ። እሷ ያኔ ደስ ብሏት ነበር፤ ልጇን የሚሰማ ሐኪም በማግኘቷ። ከ13ኛ ልደት በኋላ የተመዘገበ አስም ግን ለወታደርነት እንቅፋት ነው፤ ለበረራማ አይነሣ። ቤተሰቡ ወራት ፈጅቶ የሳንባ ምርመራ አስደረገ፣ ደብዳቤ አጻፈ፣ ይግባኝ አለ። መጨረሻውን አልጻፈችም። በግል የጠየቋት ሰዎች እንደሚሉት ጉዳዩ ገና አላለቀም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ድጋፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ምርቃትና ገንዘብ ነው። የዚህች እናት ጽሑፍ የሚያሳየው ሌላ ነው። ልጁ በ17 ዓመቱ የሚያመለክትበትን ነገር ወላጅ በ13 እና በ14 ዓመቱ ሳያውቅ ሲያበላሸው ወይም ሲያቃናው ይቆያል። ክትባቱ፣ የአለርጂው ወረቀት፣ ትኩረት ለማስተካከል ተብሎ የተጀመረው መድኃኒት፣ ሁሉም መዝገብ ነው። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ቢቃወም እንኳ አውቆ ይቃወማል።

መልስ 15። በዚህ ላይ አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ተነሣና መዝገቡን ዝም ማለት ይሻላል፤ ማን ያየዋል ብሎ መከረ።

መልስ 16። ነርስ የሆነች ሴት ወረደችበት። የልመና ቃል አልተጠቀመችም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመከላከያው የሕክምና ሥርዓት የአመልካቹን የሲቪል ሐኪም ቤት መዝገብ በኮምፒውተር ስቦ ያያል። የድሮው መደበቅ ዛሬ አይሠራም። ቢሠራ እንኳ መኮንን ለመሆን በፊርማ ሐሰት መጻፍ በኋላ ሙሉ ሥራውን የሚያሳጣ ጉዳይ ነው። የተሳሳተ መዝገብ ካለ መፍትሔው ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ በምርመራ አስደግፎ ማሳረም ነው። ትክክለኛ ሕመም ካለ ደግሞ ዌቨር የሚሉትን ልዩ ፈቃድ መጠየቅ። እናቲቱን ደግሞ ለብቻዋ ዛሬውኑ የልጅቷን ሙሉ የሕክምና መዝገብ ከሐኪም ቤቱ ጠይቃ በእጇ እንድታስገባ መከረቻት። ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ምክር ይኸ ይመስለኛል።

መልስ 17 እና 18። ቀጥሎ የመጣው የብር ጉዳይ ነው። አንድ ጸሐፊ፣ ወላጅ ኢትዮጵያ ላሉ ዘመዶቹ ገንዘብ የሚልክ ከሆነ ልጁ የደኅንነት ማጣሪያ አያልፍም ብሎ አስደነገጠ። በዚህ ሒሳብ ከመካከላችን አንድም ልጅ አያልፍም ነበር። መልስ 18 አረመው። በማጣሪያው ቅጽ ላይ ውጭ አገር ያሉ የቅርብ ዘመዶች ይጠየቃሉ፤ አመልካቹ ራሱ ለውጭ ዜጋ የሚያደርገው የገንዘብ ድጋፍም ይጠየቃል። መኖራቸው ብቻውን አይጥልም፤ መደበቃቸው ነው የሚጥለው። ስለዚህ ወላጅ አጎትና አክስትን በትክክለኛ ስማቸውና የልደት ዘመናቸው ጽፎ ቢያዘጋጅ ትልቅ ውለታ ነው። ይህን ያነበበ አንድ ሰው የእናቱን የልደት ቀን ቤተሰቡ ውስጥ የሚያውቅ እንደሌለ ጻፈ። ብዙ ሰው ሳቀ። ብዙዎቻችን እዚያው ነን።

መልስ 19። ሳቁ አልቆየም። አንድ ሰው ገብቶ እናቲቱን ልጅሽን ለሰው አገር ጦርነት ልትገብሪ ነው ወይ የሚል ነገር ጻፈባት። በደርግ ጊዜ ከብሔራዊ ውትድርና ሽሽት በሱዳን በረሃ የተሰደድነው ልጆቻችንን እዚህ ወታደር ለማድረግ ነው ወይ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ስድቡን ስናወልቅለት ውስጡ እውነተኛ ጥያቄ አለ፤ ለዚህም ይመስለኛል ያን ያህል ሰው ያንጫጫው።

መልስ 20። ከዳላስ የጻፈ አባት በቁጣ መለሰለት። ልጆቹ እዚህ የተወለዱ፣ ሌላ አገር የማያውቁ ናቸው። እሱ ራሱ ዜግነት ሲወስድ እጁን አንሥቶ የማለው ሕግ ካስገደደ መሣሪያ ለማንሣትም ጭምር ነው። ፓስፖርቱን ይዞ ግዴታውን የሰው አገር ማለት ነውር መሆኑን ነው ያሳሰበው።

መልስ 21። ባንዳ የሚል ቃል ነበረበት። አወያዮቹ አጠፉት። ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

መልስ 22። ከጠብ መካከል አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ገባ። ትግራይ ተወልዶ ያደገ ነው፤ በሰኔ 1980 ዓ.ም. የሐውዜን ገበያ በአውሮፕላን ሲደበደብ አካባቢው ነበር። ስለዚያ ቀን ብዙ አልዘረዘረም። የጻፈው ስለ ዛሬው ነው። ዛሬም ጄት በዝቅታ ሲያልፍ ሰውነቱ ከእሱ በፊት ይሰማል። ሴት ልጁ እሷም ማብረር ትፈልጋለች። እሱ የሚፈራው መሞቷን ብቻ አይደለም፤ ከላይ ሆና የምታደርገውን ነው። ይህን ለ16 ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚነግር ነው የቸገረው። መንገር እንዳለበት ግን አልተጠራጠረም።

ለዚህ መልስ ማንም የተቃወመ የለም። መልስ 19ን የጻፈው ሰው እንኳ አልተመለሰበትም። እኔም ከወላጆች ፍርሃት ሁሉ እምብዛም በግልጽ የማይነገረው ይኸ ነው ብዬ አምናለሁ። የእኛ ሰው አውሮፕላንን ከታች ሆኖ ነው ያወቀው። ደሴ በጣሊያን ቦምብ ስትደበደብ የነበሩ አያቶች ያሏቸው ልጆች ናቸው ዛሬ ኮክፒት የሚያልሙት።

መልስ 23። ቀጥለው የመጡት ጋሼ ናቸው፤ በዚህ መድረክ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ደብረ ዘይት፣ ሐረር ሜዳ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ነበሩ፤ ኤፍ-5 በሚባለው ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ሠርተዋል። አብራሪ እንዳልነበሩ ሁልጊዜ ያሳስባሉ፤ የእኛ ሰው ከአየር ኃይል የመጣን ሁሉ አብራሪ ስለሚያደርግ ነው። የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የአብራሪ ቤተሰብ እንዴት እንደሚኖር ጻፉ። በሰፈሩ ያሉ ሚስቶች የትኛው አውሮፕላን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመለስ ያውቃሉ፤ ከሰዓቱ ካለፈ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ለገሠ ተፈራን አነሡ። የሶማሊያን ሚግ ተዋጊ አውሮፕላኖች የጣለ አብራሪ ነው፤ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከ፣ 11 ዓመት ታስሮ የተፈታው በ1980 ዓ.ም. በእስረኞች ልውውጥ ነው። ጋሼ ማለት የፈለጉት ስለ ጀግንነቱ አልነበረም። 11 ዓመት ቤተሰብ ምን እየበላ፣ ምን እያሰበ እንደሚኖር ነው። በዚያን ዘመን ወላጅ ይስማማ አይስማማ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ይህች እናት ለመጠየቅ መቻሏን ራሱን እንደ ዕድል ቆጠሩት።

መልስ 24። ከጋሼ በኋላ አንዱ ጆን ሮቢንሰንን ጠቀሰ። ቺካጎ ውስጥ ጥቁር አናስተምርም ባለው የበረራ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገብቶ፣ በመጨረሻ ተምሮ የወጣው አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያ ሄዶ ለንጉሡ የአየር ኃይል አዛዥ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ ልጆች ሲያስተምር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ አዲስ አበባ ነው የተቀበረው። የጸሐፊው ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ጥቁር አሜሪካዊ መጥቶ ለእኛ ካበረረ፣ የእኛ ልጅ ለአሜሪካ ብታበር ምን ነውር አለው?

መልስ 25። ጋሼ ተመልሰው አረሙት፣ በትሕትና። ሮቢንሰን ክብር ይገባዋል፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይል መሥራች ግን እሱ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አገር ቤት የገቡት እሱ ከመምጣቱ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም እሱ ሳይመጣ በፊት አብራሪ ሆነዋል። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ስዊድኖቹ፣ ካውንት ፎን ሮዘን ያመጣቸው፣ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ለአምስት መልስ ያህል የስዊድንና የጥቁር አሜሪካውያን አስተማሪዎች ክርክር ቀጠለ። እናቲቱን የረሳት ይመስል ነበር መድረኩ።

መልስ 31። አንዲት ሴት ወደ ጉዳዩ መለሰችን። ለምን ወታደርነት? ለምን የሲቪል አብራሪ አትሆንም? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ 32 ዋጋውን አሳየ። እዚህ አገር በግል የበረራ ትምህርት ቤት ከዜሮ ተነሥቶ እስከ ንግድ ፈቃድ መድረስ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ከዚያ ለአየር መንገድ ለመቀጠር 1500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከውትድርና ለወጣ አብራሪ 750 ይበቃል። ገንዘቡን መንግሥት ሲከፍል ልጁ በዓመታት ይከፍላል። መልስ 33 ግን ተቆጣ፤ ሁለቱ አንድ ሥራ አይደሉም። ሕዝብ ማመላለስ የሚፈልግ ልጅ አለ፣ ተዋጊ ጄት የሚፈልግ ልጅ አለ። ልጅቷን ማንም የጠየቃት አልነበረም።

መልስ 34። አንድ አባት የእሱን ቤት ታሪክ አመጣ። ልጁ ያለመው ተዋጊ ጄት ነበር። የደረሰው ሰው አልባ አውሮፕላን ነው፤ ኔቫዳ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚበረረው። እናትየው ሻማ አበራች። ልጁ ግን ለወራት ዝም አለ። መልስ 2 ቀድሞ ያለውን እዚህ ጋ ደገመው፤ መግባት፣ መመረጥና የፈለጉትን ማግኘት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የበረራ ሥልጠና ላይ የወደቀ ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ በሌላ ሙያ ተመድቦ ግዴታውን ይጨርሳል። ለልጆች ይህን የሚነግራቸው መልማይ ጥቂት ነው። ወላጅ ግን ሊነግር ይችላል፤ ለማስፈራራት ሳይሆን ሌላው ሥራ ቢደርሳቸውም ዩኒፎርሙን ይወዱት እንደሆን ለመጠየቅ።

መልስ 35። አንዲት እናት ሲቪል ኤር ፓትሮል የሚባለውን፣ የአየር ኃይሉን የበጎ ፈቃድ ረዳት ድርጅት አነሣች። ከ12 ዓመት ጀምሮ ልጆች ካዴት ሆነው ይመዘገባሉ፤ በትንሽ አውሮፕላን ነጻ የመተዋወቂያ በረራ ያገኛሉ። የጸሐፊዋ ልጅ በመጀመሪያው በረራ አስመለሰው። ወረደና መቼ ነው ቀጣዩ አለ። እናትየው የዚያን ቀን ነው ተስፋ የቆረጠችው፤ ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ እሷ ናት።

መልስ 36። የአካዳሚው ማመልከቻ ያለፈበት ቤት አባት የጊዜ ሰሌዳውን አስቀመጠ። በማርክ ብቻ አይገባም። ከኮንግረስ የዕጩነት ድጋፍ ያስፈልጋል፦ ከክልሉ ተወካይ ወይም ከሁለቱ ሴናተሮች። ከሦስቱም መጠየቅ ይቻላል፤ ይገባልም። እያንዳንዱ የኮንግረስ አባል በአካዳሚው በአንድ ጊዜ ሊኖሩት የሚችሉት 5 ተማሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ ቀልድ የለም። ማመልከቻው የሚከፈተው 11ኛ ክፍል ሳሉ ነው፣ የዕጩነቱ ቀነ ገደብ ደግሞ 12ኛ ክፍል በገቡበት መኸር ያልቃል። ወላጅ እንዲያውቀው ያሳሰበው ሌላም ነገር አለ። ወደ ቢሮው መደወልና ኢሜይል መጻፍ ያለበት ልጁ ራሱ ነው። እናት ስትደውል እዚያ ያሉት ሰዎች ይመዘግቡታል፤ ለልጁ በጎ አይደለም። እናት መኪና ትነዳለች፣ ቀን መቁጠሪያ ትይዛለች፣ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ይህን ያነበቡ እናቶች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው አሉ።

መልስ 37። እናቲቱ ዳግም መጣች። መዝገቡን ከሐኪም ቤቱ ጠይቃ አግኝታለች። አስም የሚል የለም፤ የኦቾሎኒ አለርጂ የሚል ግን አለ፣ ልጅቷ ኦቾሎኒ እየበላች ያደገች ሆና ሳለ። የአለርጂ ሐኪም ቀጠሮ ይዛለች። ሐሳብ ስለማስቀየሩ ጭማሪዋ ምንም አላነሣችም፤ ማንም አልጠየቃትም። ባሏ ክሩን ሙሉውን ማንበቡን፣ ካነበበ በኋላም አንድ ነገር ብቻ መጠየቁን ጻፈች፦ ልጅቷ መሐል ላይ ሐሳቧን ብትቀይርስ?

መልስ 38። የሮትሲው አባት ቶሎ መለሰ። አካዳሚ የገባች ተማሪ ሦስተኛ ዓመቷን ሳትጀምር ከወጣች ዕዳም ግዴታም የለባትም። በሮትሲ የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ ያገኘች ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሳ በነጻ መውጣት ትችላለች። ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ የሚጸናው። በዚህ መልስ ሥር የልጅቷ አባት የመጀመሪያ ጽሑፍ ታየ። ምስጋና ብቻ ነው፣ አንድ መስመር።

ከመልስ 39 እስከ 45። ስለ ምግብ ነው። ልጆቻቸው ካምፕ ያሉ እናቶች ቆሎና ዳቦ ቆሎ እንዴት እንደሚልኩ ተነጋገሩ። የአካዳሚው የመጀመሪያ ሥልጠና ላይ ስልክ ስለሚከለከል ዋናው መገናኛ ደብዳቤ ነው። አንዷ እናት በየቀኑ በአማርኛ ትጽፍ ነበር። ልጁ ፊደል አያነብም። ክፍሉ ውስጥ ማንም አያነብም። ልጁ ግን ሁሉንም አስቀምጦ ይዞ መጣ፤ እሷም ቁጭ ብላ አነበበችለት። ስለ ቅቤ መላክ የተነሣውን ክርክር እተወዋለሁ።

መልስ 46። አዲስ ሰው መጣ፣ ከሲያትል። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፣ ኮሌጅ አልሄደም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ ሄሊኮፕተር ማብረር ይፈልጋል። አዲስ ክር እንዲከፍት ተነገረው፤ አልከፈተም፣ እዚሁ ጠየቀ።

መልስ 47። ከዶቨር ያለችው ልጅ መለሰችለት። ለሄሊኮፕተር የምድር ጦሩ ያለ ዲግሪ የሚቀበልበት የዋራንት ኦፊሰር (ከተራ ወታደርና ከመኮንን መካከል ያለ የሙያ ማዕረግ) መንገድ አለው። የእሱም ግዴታ 10 ዓመት ነው። በግሪን ካርድ ግን አይሆንም፤ መጀመሪያ ዜግነት ነው። በግሪን ካርድ ተራ ወታደር ሆኖ መግባት ይቻላል፣ ዜግነቱም በአገልግሎት ይፋጠናል፤ ከዚያ ለበረራ ያመለክታል። እድሜው ገና ነው፣ ጊዜ አለው። አባትየው የልጁን የሕክምና መዝገብ ጠይቆ እንደሆነ ጠየቀችው።

መልስ 48። አልጠየቀም።